ሽማግሌ ጭቃ ያስረገጡት ወይዘሮ አቻን

ወገኖቼ፣ ለቅሶው ጥቂት ይቁምና የሟቿን ሕይወት ስሙኝ። የማነብላችሁ ታናሽ ወንድማቸው መምህር ኡጁሉ ኦጅዋክ ነኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች አጭርና ለስላሳ አድርገህ ጻፈው ብለውኝ ነበር፤ አጭር ለማድረግ ሞክሬያለሁ፣ ለስላሳ ግን አልሆነልኝም።

ወይዘሮ አቻን ኦጅዋክ ከአባታቸው ከአቶ ኦጅዋክ ኡቻላና ከእናታቸው ከወይዘሮ አኳታ በ1928 ዓ.ም. ገደማ፣ ከኢታንግ ወዲህ በባሮ ወንዝ ዳር በምትገኝ መንደር ተወለዱ። አባታችን ዓሣ አጥማጅ፣ እናታችን ደግሞ ቤት በመምረግ ስማቸው የተነሣ ሴት ስለነበሩ፣ እህታችን ገና በልጅነታቸው የወንዙን ጭቃ ከአመድ ጋር አቡክተው ግድግዳ መለሰንና ወለሉን በጣታቸው ማስጌጥ ተማሩ። ትምህርት ቤት የገቡት ዘግይተው፣ የወንጌል መልእክተኞች በአካባቢያችን ፊደል ማስተማር ከጀመሩ በኋላ ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ከሕፃናት ጋር ተቀምጠው ከተማሩ በኋላ፣ የደረሰች ሴት ከልጆች ጋር አትቀመጥም ተብለው እንዲወጡ ተደረገ። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ግን እስከ መጨረሻው ራሳቸው ያነቡ ነበር።

በ1948 ዓ.ም. በባሮ ላይ ጭነት በሚያመላልሱ ጀልባዎች ይሠሩ የነበሩትን አቶ አጓን አግብተው ጋምቤላ ከተማ ገቡ፤ ወንድ ልጃቸውን ኦባንግንና ሴት ልጃቸውን አሪየትንም ወለዱ። ከእናታችን በወረሱት ሙያ የነጋዴውንም የመንግሥት ሠራተኛውንም ቤት እየመረጉ ልጆቻቸውን አሳደጉ። እዚህ ድንኳን ውስጥ ከተቀመጣችሁት የስንቶቻችሁ ግድግዳ በእሳቸው እጅ እንደተለሰነ እናንተው ታውቃላችሁ። አቶ አጓ በ1969 ዓ.ም. በወባ ዐረፉ። ኦባንግ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። የጠየቅናቸው ሹማምንት ሁሉ በትዕግሥት ጠብቁ አሉን፤ እናቱ ጠብቀው ጠብቀው ይኸው ሄዱ።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. የሆነውን ማንም አልረሳውም፤ ሆኖም ከፊታችሁ ይነበብ። የደጋው ሰፋሪ በመኪና እየተጫነ አቦቦ ሲራገፍ፣ የእኛው ገበሬ ከቀዬው ተነሥቶ በመንደር ምሥረታ ስም ሲነዳ፣ ከድንበር ማዶም ጦርነት ሰውን ሲያባርር፣ መራመድ የቻለው ሄደ፤ ያልቻሉት አረጋውያን ደግሞ በከተማችን ገበያ ዳስ ሥር ተከማቹ። የእኛው አኙዋም ነበሩ፣ ኑዌርም ነበሩ፣ የወሎ ሰዎችም ነበሩ። ቤተ ክርስቲያናችን እሑድ እሑድ ገንፎ እያቀረበች አብራቸው ፎቶግራፍ ተነሣች። ቀበሌያችን ደግሞ ከበላይ እንግዳ በመጣ ቁጥር በጭነት መኪና ሰብስቦ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ይደፋቸው ነበር። እንግዳው ሲሄድ እየተጎተቱ በእግራቸው ይመለሳሉ። ያልተመለሱም አሉ፤ የት እንደወደቁ የጠየቀ ሰው ግን አላየሁም።

እህታችን ይህን አይተው ከቤታቸው ጀርባ እስከ ወንዙ ዳር ባለው ቦታ ላይ ቤት መሥራት ጀመሩ። መጀመሪያ የወሰዱት ልጆቻቸውን በጦርነት ያጡትን ኑዌሩን ሽማግሌ አቶ ዋልን ነው። ቤቱን ራሳቸው አቁመው፣ ራሳቸው መርገው፣ ወለሉን እንደ እናታችን ወግ አስጊጠው፣ ለሙሽራ የሚሰጥ ቤት አድርገው አስረከቧቸው። ሽማግሌው ግን ደጁ ላይ ተቀምጠው ሰነበቱና ተመልሰው ከገበያው ዳስ ሥር ተኙ። እህታችን ተናድደው ምን ጎደለብዎት ቢሏቸው፣ አቶ ዋል በዚያች በምታውቋት አማርኛቸው፣ «ቤቱ ጥሩ ነው። እኔ ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ፤ ባለቤቱ አልመጣም» አሏቸው።

እህታችን ስሕተቱ የራሳቸው መሆኑን ወዲያው ተረዱ። በእኛ አገር ወግ መራጊ ቢጠራ እንኳ የመጀመሪያውን እፍኝ ጭቃ የሚለጥፈው የቤቱ ሰው ነው፤ እሳቸው በልግስና ብዛት ለሽማግሌው አንዲት እፍኝ ጭቃ እንኳ ሳያስቀሩ ጨርሰውት ነበር። ስለዚህ ያንን ያማረ ምርጊት ከላይ እስከ ታች ፍቀው ጣሉና አቶ ዋልን እጃቸውን ይዘው ጭቃ አስረገጧቸው። አዲሱ ግድግዳ ጎርበጥባጣ ሆነ፤ አቶ ዋል ግን ገብተው እሳት አነደዱ፣ ከዚያ በኋላም ከገበያው ዳስ ሥር አላደሩም።

ከዚያ ወዲህ የእህታችን ደንብ ይኸው ሆነ። ጭቃ ያልረገጠ፣ መርገጥ ካልቻለ ተቀምጦ ያላቦካ፣ ቤት አያገኝም ነበር። ዓይነ ስውሯ ወይዘሮ ኛሩአች መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸው እስከደረሰበት ድረስ መረጉ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ጎረቤት ጨረሰላቸው። የበሰለ ምግብም ለማንም አልሰጡም፤ እህልና መቆፈሪያ ይሰጡና ወንዙ ሲጎድል ዳርቻው ላይ በቆሎ እንዲዘሩ ያደርጉ ነበር። መራመድ የምትችለውን ሴት አታዝሉም፣ አዝላችሁ ስትደክሙ የምትጥሉት እሷኑ ነው እያሉ ገንፎ ይዘው የመጡትን የማኅበር ሴቶች ከበር መለሷቸው።

ይህን ጊዜ ነው እናንተ ከፊት የተቀመጣችሁት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሰብሰብ ብላችሁ በሽማግሌ ጉልበት ትሠራለች፣ ጨካኝ ናት፣ ትዕቢተኛ ናት ብላችሁ የፈረዳችሁባቸው። ከጌታ ራትም አገዳችኋቸው። ዛሬ ጠዋት ግን በጸሎታችሁ «ዶርቃችን» ስትሏቸው በጆሮዬ ሰማሁ። ዶርቃ ለመበለቶች ልብስ ሰፍታ የሰጠች ቅድስት ናት። አቻን ኦጅዋክ ለማንም ምንም አልሰፉም፤ ሲሞቱ ያገኛችሁላቸውን ስም በሕይወት ሳሉ ነፍጋችኋቸዋልና እባካችሁ አሁንም ይቅርባቸው። እኔ በበኩሌ ተቀይሜያችኋለሁ፤ በለቅሶ መሐል መቀየም ነውር ነው ብላችሁም እንዳትመክሩኝ።

ወደ ቀበሌው ልመለስ። ቤቶቹ ሲበዙና ጢሳቸው ከመንገድ ሲታይ፣ ሊቀመንበሩ መጥተው የቀበሌው የልማት ውጤት የሚል ሰሌዳ ተከሉባቸው። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ አረጋውያኑ በቆርቆሮ በተሠራ አንድ ረጅም አዳራሽ ውስጥ በጋራ እንዲኖሩ፣ ቤቶቹም ለአብዮት ጠባቂዎች እንዲሰጡ ተወሰነ። ለማሳየት ያመቻል አሉ። እህታችን ለአረጋውያኑ የነገሯቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጫኗችሁ ቤት ስላልነበራችሁ ነው፣ አሁን ግን ቤት አላችሁ አሏቸው። መኪናው በመጣ ዕለት ሁሉም እሳታቸውን አንድደው በየበራቸው ተቀመጡ። ልጆቻቸውን ቀብረው ከአቦቦ ሰፈራ የመጡት የወሎዋ ወይዘሮ እሙዬ፣ ጠመንጃ ይዞ በራቸው ላይ የቆመውን ጎረምሳ ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «የኔ ልጅ፣ እኔ እኮ ቤቴ ነኝ። ሰው ከገዛ ቤቱ ወዴት ይጫናል? በል ዞር በልልኝ፣ ሽሮዬ ሊያርብኝ ነው» አሉት። ልጁ ዞር አለ። መኪናው ባዶውን ተመለሰ። አዳራሹም እስከ ዛሬ የፍየል ማደሪያ ነው።

የመኪናው ባዶ መመለስ ግን ዕዳው በእህታችን ላይ ወደቀ። አድማ አነሣሥተዋል ተብለው ክረምቱን ሙሉ በቀበሌው እስር ቤት ውሃ በሚያቁር ወለል ላይ ተኙ። ሲወጡ ደረታቸው ታሞ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ የዳኑበት ቀን የለም። ሳል ሲያጣድፋቸውም በትር ተደግፈው እየወረዱ፣ አዲስ የመጣ ሽማግሌ ጭቃ ሲረግጥ ቆመው ይቆጣጠሩ ነበር። ሕመማቸው ከየት እንደመጣ ሐኪሙ ያውቃል፣ እኔ አውቃለሁ፣ ትናንት የአበባ ጉንጉን ይዘው የመጡት ሊቀመንበርም ያውቃሉ። ወይዘሮ አቻን ትናንት መጋቢት 12 ቀን 1983 ዓ.ም. ጠዋት በቤታቸው ዐረፉ።

ሊቀመንበሩ ጉንጉኑን ሲያኖሩ ለእኔ ሹክ ያሉኝን እዚሁ ጮክ ብዬ ልናገር። ቦታው የተፈቀደው ለሟች ነው፣ ሟች ከሞቱ ወደ ቀበሌው ይመለሳል ብለውኛል። ከእሳቸው ባላነሰ ያሳፈራችሁኝ ደግሞ እናንተ ዘመዶቼ ናችሁ። አስከሬኑ ሳይወጣ ቤቶቹን እንዴት እንደምንካፈል መማከር ይዛችሁ ነበር። ለሁለታችሁም መልሴ አንድ ነው። ሟቿ ከራሳቸው መኖሪያ በቀር ቤት አልነበራቸውም። የወንዙ ዳር ቤቶች ግድግዳቸው ላይ የእጃቸው አሻራ ያለባቸው ሰዎች ቤቶች ናቸው፤ ቀበሌ የሚቀማው፣ ወንድም የሚወርሰው ነገር እዚያ የለም። ይህን በማለቴ እንደምጠራ አውቃለሁ፤ መኖሪያዬንም ታውቁታላችሁ።

ወይዘሮ አቻን ኦጅዋክን ተከትለው በሐዘን የቀሩት ልጃቸው አሪየት፣ በሕይወት ካለ ልጃቸው ኦባንግ፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው፣ እንዲሁም የየቤታቸው ባለቤቶች የሆኑት አቶ ዋል፣ ወይዘሮ ኛሩአች፣ ወይዘሮ እሙዬና ጎረቤቶቻቸው ናቸው።

እነዚህ አረጋውያን ለቅሶ አልደረሱም፣ ውለታ ቢሶች ናቸው እየተባባላችሁ ከጠዋት ጀምሮ ስታንሾካሹኩ ሰምቻችኋለሁ። ያልመጡት እህታችን ስለከለከሏቸው ነው። በመጨረሻው ሳምንት አንድ በአንድ አስጠርተው፣ እኔ ስሞት እናንተ ልታለቅሱ ስትወጡ ሰዎቹ በራችሁን ያሽጉታል፣ ስለዚህ ለቅሶዬ ላይ እንዳትገኙ፣ ከቤታችሁ እንዳትነቃነቁ ብለው አስምለዋቸዋል። ወይዘሮ እሙዬ አልቅሰው እንቢ ቢሉ እንኳ አልሰሟቸውም። አሁን በዚህ ሰዓት ሁሉም በየደጃቸው ተቀምጠው፣ ከዚህ የሚሰማውን እንጉርጉሮ እያዳመጡ ብቻቸውን እያለቀሱ ነው።

ጌታችን በአባቱ ቤት ካሉት ብዙ መኖሪያዎች አንዱን ለእህታችን ይስጥልን፤ ምርጊቱንም ጥቂት ያስቀርላቸው፣ አለዚያ አይገቡም። ከቀብር መልስ ማጽናናት የምትፈልጉ ወደ ወንዙ ዳር ውረዱ። እዚያም በር ላይ ቆማችሁ አንኳኩ። ግቡ ካሏችሁ ትገባላችሁ።