ጉራቻ የማን ውሻ ነበር?

እንደ ዙቤይዳ አባባል ነገሩ አጭር ነው። ልጇን ሳዳምን የነከሰው ጥቁር ውሻ የሼህ አብዱልጀሊል ነው፤ አራት ዓመት ሙሉ ደጃቸው ተኝቶ፣ ትርፍራፊያቸውን በልቶ፣ ከብታቸውን ከጅብ ጠብቋል። እንደ ሼህ አብዱልጀሊል አባባልም ነገሩ አጭር ነው። ውሻ ኖሯቸው አያውቅም፤ ያ ውሻ ከቦርከና ወንዝ ማዶ የመጣ፣ ጌታ የሌለው መንገደኛ ነው። በከሚሴ ዳርቻ ያለችው መንደር ለሁለት ተከፍላ የአንዱን ቃል ከሌላው ስታመዛዝን ሰነበተች። ሁለቱም ወገን የሚስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የዘጠኝ ዓመቱ ሳዳም በተነከሰ በአምስተኛው ሳምንት ውኃ ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሞቷል።

ዙቤይዳ ካሳ አልጠየቀችም። ሽማግሌዎቹን የጠየቀችው መሐላ ነው። ውሻው የኔ አይደለም ብለው በአላህ ስም ይማሉልኝና ልረፍ አለች። ቀኑ ለሐሙስ፣ ከዙሁር ሶላት በኋላ፣ በመስጊዱ ግቢ ካለው ዋርካ ሥር ተቆረጠ።

የዚያኑ ሐሙስ ጠዋት ሼህ አብዱልጀሊል አፉ በገመድ የታሰረ ጆንያ ይዘው ወደ ቦርከና ድልድይ ይወርዱ ነበር። ጆንያው ይንፈራገጣል። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ኸይረዲን ሞተር ሳይክሉን አቁሞ ጎማ ሲነፋ አገኙት። ኸይረዲን የዚያው መንደር ልጅ ነው፤ ኮሌጅ ተምሮ የቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ተመልሷል። ጎረምሶቹ «የሰሬ ሐኪም»፣ የውሻ ሐኪም ማለታቸው ነው፣ እያሉ ይቀልዱበታል። ሌላ ቀን ቢሆን ሼኹም አብረው ይስቁ ነበር። ያን ቀን ግን ሊያልፉት ፈለጉ።

«አካም ቡልተን፣ ሼህ?» አለ፤ እንዴት አደሩ ማለቱ ነው።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ አልሐምዱሊላህ» አሉና ጆንያውን ወደ ኋላቸው አዞሩት።

ጆንያው ግን ጮኸ። ሼኹ ድመት መሆኗን፣ ጠባይዋ ስለከፋባቸው ጨፋ ሮቢት ገበያ ዳር ሊለቋት እንደሆነ ነገሩት። እህል ያለበት አገር ነው፣ አይጥ አታጣም አሉ። ይህ በዚያ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም። የሰረቀች ወይም የቧጨረች ድመት መንገዱን እንዳታውቅ በጆንያ ታስራ ወንዝ ትሻገራለች፤ ከዚያ ወዲያ የሌላ ሰው ጣጣ ናት።

«ጠባይዋ ከፋ ሲሉኝ፣ ምን አደረገች?»

«አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ትናንት የልጅ ልጄን፣ አፍናንን፣ ጣቷን ነከሰቻት። ትንሽ ናት፣ ደም እንኳ ብዙ አልወጣትም።»

ኸይረዲን የጎማ መንፊያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ ድመቷን ባለፉት ሁለት ወራት ውሻ ነክሷት እንደሆነ ጠየቃቸው።

ሼህ አብዱልጀሊል ወንዙን አዩ። ሳዳም በተነከሰባት በዚያች ጠዋት ውሻው አስቀድሞ ድመቷን ከግቢያቸው መሐል ጀርባዋን ይዞ እንዳራገፋት በዓይናቸው አይተዋል። ይህን ከተናገሩ ግን ውሻው ግቢያቸው ውስጥ ምን ይሠራ ነበር የሚለው ይከተላል። መሐላው ደግሞ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው።

«ሼህ፣ ይህን የምጠይቅዎት ለመሐላው ብዬ አይደለም። ለአፍናን ነው።»

«ነክሷታል» አሉ በመጨረሻ።

«ማን?»

«ጉራቻ።»

ስሙ ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸው ጆሮ እንግዳ ሆነባቸው። ኸይረዲን ፈገግ አላለም።

«ለመንገደኛ ውሻ ስም ያወጡለት እርስዎ ነዎት?»

«በጥቁረቱ ጠራነው እንጂ ስም አላወጣንለትም። ስማ ልጄ፣ አንተ ስትወለድ በጆሮህ አዛን ሲደረግልህ እዚያው ነበርኩ፤ እኔን ለማጥመድ አትሞክር። አልገዛሁትም። ከቤቴ ደፍ አላለፈም። ውሻ ያለበት ቤት መላኢካ አይገባም፤ ዕቃዬን አላስነካሁትም። ታዲያ ምኑ ነው የኔ? የኔ አይደለም ብዬ ብምል በሐሰት አልማልኩም።»

ይህን ክርክር ሌሊቱን ሙሉ ሲያበጁት አድረው ነበር። አሁን ጮክ ብለው ሲናገሩት ግን እንዳሰቡት አልቆመላቸውም።

«ቤት አለማስገባትዎን አልነቅፍም» አለ ኸይረዲን። «ዲኑ ለከብትና ለአዝመራ ጠባቂ ውሻ ፈቅዷል፤ ይህን ከኔ በላይ ያውቁታል። ለተጠማ ውሻ ውኃ አጠጥቶ አላህ ስለማረው ሰውዬም ልጅ ሆነን የነገሩን እርስዎ ነበሩ። ግን ሼህ፣ ጥበቃው የእርስዎ ከሆነ ንክሻው የማን ሊሆን ነው? ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ጉራቻ የማን ደጅ ነበር የሚጮኸው?»

ኸይረዲን ያለፈውን ዓመት አስታወሳቸው። የክትባት ሣጥኑን አንግቶ ስልሳ ሦስት ቤት አንኳኳ፤ በየግቢው ውሻ እየጮኸበት በየደጁ «ውሻ የለንም» ተባለ። የተከተቡት አሥራ አንድ ብቻ ናቸው። ማንም ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ አለኝ ያለ ሰው ነገ ለሚሆነው ተጠያቂ ይሆናል፣ የለኝም ያለ ግን ጥበቃውን በነፃ ያገኛል።

«እኔም አለሁበት» አለ። «‹የለኝም› ሲሉኝ ጉራቻ እግርዎ ሥር ተኝቶ ነበር። ሽማግሌ ማሳፈር ነውር መስሎኝ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። በኋላስ፣ ሳዳምን ከነከሰ በኋላ ምን ሆነ?»

ሼኹ ጆንያውን መሬት ላይ አስቀምጠው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በማግስቱ የውሻው መንጋጋ ተንጠለጠለ፤ ውኃ ቀርቦለት መዋጥ አቃተው። አስገድለው ቦርከና ዳር አስጣሉት። ረፋዱ ላይ ዙቤይዳ መጥታ ውሻው እንዴት እንደሆነ ጠየቀቻቸው፤ ውሻ የለኝም አሏት። እዚህ ድረስ ነገሩት። ያልነገሩት ግን ነበር። በዚያው ሰሞን ጎረቤት ተሰብስቦ ወፍጮ ቤቱ ጋ የሚተኛውን ሌላ ጥቁር ውሻ እያሳየ፣ ነካሹ ይኸው ነው፣ ውሻው አሥር ቀን በጤና ከቆየ ልጁ ምንም አይሆንም ብሎ ዙቤይዳን አጽናናት። የወፍጮ ቤቱ ውሻ አሥር ቀን ሙሉ በጤናው ኖረ። እናትየው አልሐምዱሊላህ ብላ ቤቷ ተቀመጠች፤ ነካሹ ጉራቻ መሆኑ የገባት ልጇ ከሞተ በኋላ ነው። ሼህ አብዱልጀሊል እዚያው ቆመው ሰምተዋል፤ ዝምም ብለዋል።

«አሁን ስለ አፍናን» አለ ኸይረዲን። «ቁስሏ አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለሩብ ሰዓት ይታጠብ፤ ከዚያ ቀጥታ ኮምቦልቻ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ መርፌው የድመቷን መሞት አለመሞት አይጠብቅም። በሽታው ከጀመረ ወዲያ መድኃኒት የለውም፤ ከመጀመሩ በፊት የተወጋ ሰው ግን ይድናል። ድመቷን ለኔ ይስጡኝ፤ ተዘግቶባት ትታያለች። ጨፋ ሮቢት ቢለቋት ኖሮ የሌላ ሰው አፍናንን ትነክስ ነበር።»

«ይድናል?» አሉ ሼኹ።

«ኢንሻአላህ፣ በጊዜ ከተደረሰ።»

«ሳዳምስ?»

ኸይረዲን ሊያጽናናቸው ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

«መርፌው ያኔም ኮምቦልቻ ነበር። እውነቱ ግን የነበረው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።»

ሼኹ ስልካቸውን አውጥተው ለምራታቸው ለኢልሃም ደወሉ። የታዘዙትን ሁሉ ነገሯት። ኢልሃም ውሻው የመንገድ ነው አላሉም ነበር ወይ ብላ ጠየቀቻቸው።

«አይደለም። የቤታችን ነበር። ልጅቷን ይዘሽ አሁን ሂጂ።»

ስልኩን ዘጉና እጃቸው ላይ እንዳለ ተመለከቱት። ለራሳቸው የልጅ ልጅ እውነቱን ለመናገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀባቸውም።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልተከራከሩም፤ ይጠይቁ ጀመር እንጂ። ውሻ የያዘ ሰው ምን አለበት? ኸይረዲን ሳይቸኩል ነገራቸው። በየዓመቱ ማስከተብ፣ ድመቷንም ጭምር። ውሻውን ቀን አስሮ ለሌሊት መፍታት፣ የእስር ቤት ሰው እንዳይመስል ውኃና ጥላ መስጠት። የታመመውን ወንዝ አለማሻገር፣ ለባለሙያ ማሳየት። ከነከሰም የዚያኑ ቀን ወጥቶ የኔ ነው ማለት። ይህ የሆነበት መንደር ሕፃናቱ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ድንጋይ አይጨብጡም፤ ከብቱም ይጠበቃል፣ ጎረቤትም አይቃቃርም።

«ቀላል ነገር ነው እኮ» አሉ ሼኹ። ይህ ነበር ይበልጥ የመረራቸው።

ከዙሁር በኋላ ዋርካው ሥር ሰው ሞላ። ኢልሃም ደውላ አፍናን የመጀመሪያውን መርፌ መወጋቷን ለሼኹ ነግራቸው ነበር። ዙቤይዳ ከሴቶቹ ፊት ነጠላዋን ወደ ግንባሯ ጎትታ ተቀምጣለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሼህ አብዱልጀሊል ተነሥተው እንዲምሉ ጋበዛቸው።

ተነሡ።

«አልምልም» አሉ። «ጉራቻ የኔ ውሻ ነበር።»

ጉርምርምታው ሲበርድ ዙቤይዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ድምፅዋ ከፍ አላለም።

«የወፍጮ ቤቱ ውሻ እንዳልነከሰው፣ ያኔ ያውቁ ነበር?»

ይህን ለኸይረዲን እንኳ አልነገሩትም። አሁንም ቢሆን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነበር። አላውቅም ቢሉ ማንም አያጋልጣቸውም።

«አውቅ ነበር» አሉ ሼህ አብዱልጀሊል። «ቆሜ እየሰማሁ ዝም አልኩሽ። ይቅር በይኝ አልልሽም፤ ሽማግሌዎቹ የፈረዱብኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ከነገ ጀምሮ ግን ከኸይረዲን ጋር በየደጁ እዞራለሁ፤ ውሻ የለኝም ላለኝ ሁሉ እኔም እንዲሁ ብዬ እንደነበር፣ ሳዳምም በዚያ እንደሞተ፣ በገዛ አፌ እነግረዋለሁ።»