እናንዬ ያለችበት ዲስክ

(የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት፣ የተቀዳ ድምፅ የሚከማችበት ክፍል፤ ቴክኒሻኑ ይበልጣል ክዳኑ የተነሳ ባለሁለት ዲስክ ሳጥን ፊት ተቀምጧል፣ አልቃሿ እትዬ ዘርትሁን አጠገቡ ቆመዋል።)

ዘርትሁን፦ ድምፃችን ሁለት ቦታ ነው የተቀመጠው ብለኸኝ አልነበረም? አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ፣ አይስጉ ብለህ!

ይበልጣል፦ ብያለሁ እትዬ። ያኔ ሁለት ዲስክ ነበር። አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወዲያው ሌላውም ላይ ይጻፋል።

ዘርትሁን፦ እና ሁለተኛውን ምን በላው?

ይበልጣል፦ እኔ ለሥራ ገጠር ወርጄ ሳለሁ ኃላፊው አስወጡት። «ሁለቱም የያዙት አንድ ነገር ነው፤ ምን ያደርጋል?» ብለው። የነበረውን አጥፍተው የበዓል ቪዲዮ ጫኑበት።

ዘርትሁን፦ ወይ ጉድ! መንታ ብወልድ ኖሮ መልካቸው አንድ ነው ብለው አንዷን ይወስዱብኝ ነበር በለኛ!

ይበልጣል፦ ሳጥኑም ጮኾ ነበር እኮ። አንድ ዲስክ ብቻ ሲቀረው ጢጥ ጢጥ እያለ ያስጠነቅቃል። ስብሰባ ረበሸ ተብሎ ድምፁ ተዘጋ።

ዘርትሁን፦ የሚያለቅስ አፍ መዝጋት ታውቁበታላችሁ። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም የሚላቸው ሰው ጠፋ?

ይበልጣል፦ ነገርኳቸው። አዲስ ይገዛ ብዬ ለመንኩ። ጨረታ ላይ ነው አሉኝ፤ እስከ ዛሬ ጨረታ ላይ ነው። መብራቱ ሄድ መጣ ሲል ይኸው የቀረውም ታመመ።

ዘርትሁን፦ እኔ ያንተን ጨረታ ምን አውቄ! የልጄ ሙት ዓመት ደርሷል። ፎቶዋ ግድግዳዬ ላይ አለ፤ ድምጿ ግን እዚህ ብቻ ነው። ሙሾ ሳወርድ የምትቀበለኝ እሷ ነበረች፤ ስትቀዱኝም ጎኔ ነበረች። እናንዬን አንዴ ልስማት። አንዴ ብቻ!

ይበልጣል፦ ካበራሁት እዚያው ሊሞት ይችላል።

ዘርትሁን፦ ካላበራኸውስ?

ይበልጣል፦ ያው ነው፤ ሳይሰማ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ ዲስክ ከፍተው የውስጡን የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ ይባላል። ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ይላካል አሉ።

ዘርትሁን፦ ላም አለኝ በሰማይ! አብራው።

ይበልጣል፦ እሺ። በስመ አብ... ይኸው፣ ተነሳ።

ዘርትሁን፦ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?

ይበልጣል፦ ማንበብ አቅቶት ነው። ይሞክራል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሞክራል።

ዘርትሁን፦ ይኼን አውቀዋለሁ። ያጣጥራል። ስንት አልጋ አጠገብ ተቀምጬ ሰምቼዋለሁ።

ይበልጣል፦ ስማችሁ ስክሪኑ ላይ ወጣ! ይኸው፣ «ዘርትሁንና እናንዬ» ይላል። ልክፈተው... ቆይ... ቆይ...

ዘርትሁን፦ ዝም አለ እኮ።

ይበልጣል፦ አዎ።

ዘርትሁን፦ አንተ ልጅ፣ ዝም አለ!

ይበልጣል፦ አለቀ እትዬ። እግዚአብሔር ያጽናዎት።

ዘርትሁን፦ ልጄን! እንደገና ልጄን!

ይበልጣል፦ ሌላ ቀን ልቅዳዎት? ሙሾውን እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል።

ዘርትሁን፦ ማን ይቀበለኛል? ግድግዳው? ተው ልጄ፣ ሆዴ ተቃጥሏል። ንቀለውና ስጠኝ።

ይበልጣል፦ ዲስኩን? እትዬ፣ የመንግሥት ንብረት ነው እኮ! ቢበላሽም ለንብረት ክፍል ነው የሚመለሰው።

ዘርትሁን፦ ሳጥኑን ይመልሱት። ሬሳ ግን የዘመድ ነው፤ አምጣ!