የተተፋው ጠጅ

ያን ፈረንጅ እትዬ ዘነበች ቤት የወሰድኩት እኔው ነኝ፤ በማን ላላክክ? እዚህ ሞያሌ፣ ኬንያ በኩል፣ የምሠራበት ሆቴል አርፎ ነበር። ሥራው በየአገሩ በሚደረግ የወይን ጠጅ ውድድር ላይ እየቀመሰ መዳኘት ነው። "የማር ጠጅ አቅምሰኝ" አለኝ። የእትዬ ዘነበች ባል ከሞቱ ገና ወራቸው ነው፤ ሟቹ በገዛ እጃቸው የጣሉት ጠጅ ለአርባቸው ተዝካር ተቀምጧል። እንግዳ ነው ብለው ጋኑን ከፈቱለት።

ፈረንጁ ብርሌውን አሽከረከረ፣ አሸተተ፣ ጎንጨት አለና አፉ ውስጥ ተጉመጠመጠው። ከዚያ ባዶ ጣሳ ስቦ እንትፍ! የእትዬ ዘነበች ፊት አመድ መሰለ። ጋኑ ወዳለበት ጓሮ ወጡ። እሱ እቴ፣ አቀርቅሮ ይጽፋል።

"ምነው፣ ተበላሽቷል እንዴ?" አልኩት ተናድጄ።

ቀና ብሎ ሳቀ። "እኛ ዳኞች ሁልጊዜ እንተፋለን። የቀመስነውን ሁሉ ብንውጥማ ሰክረን በምን እንዳኛለን? ይሄ ግን ግሩም ነው! ሁለት ጠርሙስ ለውድድር እንዲሰጡኝ ለምንልኝ።"

ሮጥኩ። ጋኑ ተደፍቷል። ጠጁን መሬት ጠጥቶታል፤ እርጥቡን ንብ ወሮታል።

"በተበላሸ ጠጅ ሙት አይዘከርም፣ ልጄ" አሉኝ፣ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። "እንኳንም ይህን ሳያይ ሞተ።"

እውነቱ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና ጋኑን አቃናሁላቸው።