መሪጌታ ስሜን አላስታወሱም

ክቡራትና ክቡራን፤

ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ከምስጋናዬ አስቀድሜ ልናገር። ካላስቀደምኩት ድፍረቱ ይጠፋብኛል። ባለቤቴ መሪጌታ ወልደማርያም ሲያርፉ አኩርፌያቸው ነበር። የታመመ ሰው፣ ማን እንደሆንኩ እንኳ የማያውቅ ሰው አኩርፌ ነበር። ያስኮረፈኝ ደግሞ ፊልም ነው።

አሁን ላመስግን። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ አቶ መሐሪ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ይህን ድግስ ስላዘጋጃችሁልኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጋቢው ይሞቃል። ግን ሰው ጡረታ ሲወጣ ጋቢ የሚሸለመው «ከእንግዲህ ተኛ» ለማለት ይሆን? እኔ አልተኛም። ዛሬ ተናድጃለሁ።

በዚህ ቤተ መጻሕፍት ድምፄን የሰማችሁት «ዝም በሉ» ስል ብቻ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ልበላችሁ፤ ዝም በሉ፤ ስሙኝ።

ሩትን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። የወጣቶቹን የፊልም ክበብ የምትመራው ልጅ ናት። ለስንብቴ ስጦታ እንዲሆን ብላ የእኔንና የመሪጌታን ታሪክ ፊልም ልታደርገው ነው። እዚህ መካነ ኢየሱስ ከተማ በአዳራሻችን ይታያል፤ ከዚያ ወደ አርብ ገበያና ወደ ስማዳ ይዘውት ይሄዳሉ። ልፋቷን አከብራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጽሑፉን ሰጥታኝ መጨረሻውን ሳነብ ግን ወረቀቱን አጥፌ ውጭ ወጣሁ።

መጨረሻው እንዲህ ነው። ሁሉን የረሱት ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሚስታቸው የሠርጋቸውን ዘፈን ታዜማለች። ሽማግሌው እንባቸው ዱብ ይላል፤ «ሐረገ ወይን!» ብለው ስሟን፣ ማለት ስሜን፣ ይጠራሉ። ፀሐይ ትጠልቃለች።

ለምን ሁልጊዜ ፀሐይ ትጠልቃለች? ሽማግሌ በጠዋት አይሞትም?

በፊልም የሚረሱ ሽማግሌዎች ነጠላቸው ንጹሕ ነው። የሚጠፋባቸው ስም ብቻ ነው፤ ሽንት ቤቱ አይጠፋባቸውም። ሚስታቸውን «ሌባ ገባች!» ብለው በመቋሚያ አያባርሩም። መሪጌታ አባረውኛል። ጎረቤቴ አልጣሽ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች መጥታ፣ «ምነው መሪጌታ፣ ሊመነኩሱ ነው እንዴ? ሴት ጠሉ!» ብላ እሳቸውንም እኔንም አስቃን ነበር። እንዲህ ያለችው ጎረቤት በየትኛው ፊልም አለች?

መሪጌታ የቤተ ክርስቲያኑን ዜማ፣ ድጓውን፣ ቤተ ልሔም ገዳም ሄደው ያስመሰከሩ ሊቅ ነበሩ። እኔን ረስተው ድጓውን አልረሱትም። ተማሪ ፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲያዜም ስሕተቱን ይይዙበታል፣ ያርሙታል። ሰዉም ይህን አይቶ፣ «መታደል ነው፤ ዓለምን ረስተው ምስጋናውን ያዙ» ይለኝ ነበር። ማንም ሕመም ነው አላለም። እኔም አሜን እላለሁ። የተረሳችው ዓለም ግን እኔ ነበርኩ።

በዚያ ሰሞን በአዳራሻችን አንድ ፊልም ታየ። እኔ ያን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛ ነበርኩ። ፊደል የለየሁት ስጠርግ ከማገኛቸው ጋዜጦች ስለሆነ፣ ተጽፎ ወይም ተቀርጾ የመጣ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር። መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ አየሁት። ሚስትየዋ አዜመች፤ ባልየው አስታወሳት። ምን ልበላችሁ፣ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ በሠርጌ ቀን የተዘፈነልኝን አዜምኩላቸው።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። አሁን ስሜን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅኩ። በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና፣

«ሳትሽ» አሉ። «ከላይ መልሺው።»

መለስኩት።

«አሁንም ሳትሽ! መልሺው!»

ደግሜ መለስኩት። በመጨረሻ ሰለቻቸውና፣ «የማን ልጅ ነሽ አንቺ? ደህና አስተማሪ አላገኘሽም» አሉኝ።

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። አልጣሽም ስትሰማ ሆዷን ይዛ ስቃለች።

እኔ ግን አልሳቅሁም። የፊልሟን ሴት ባሏ ስለወደዳት አስታወሳት፤ እኔን ካላስታወሱኝ አልወደዱኝም ማለት ነው ብዬ ቆረጥኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጎርሳቸዋለሁ፣ አጥባቸዋለሁ፣ ቃል ግን አይወጣኝም። ዓይናቸውም እየደከመ ነበርና «ማነው ያለው?» እያሉ ይጣራሉ። አጠገባቸው ቆሜ ዝም። «ኧረ ማነው ያለው?» ዝም። የፍልሰታ ጾም ሳይፈታ አረፉ።

ብዙ ቆይቶ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ከያዝኩ በኋላ፣ ስለዚህ ሕመም የሚያወሳ የጤና መጽሐፍ መጣልን። የአንጎል ሕመም ነው ይላል፤ ከመውደድና ካለመውደድ ጋር አይገናኝም። እግዜር ይስጠው፤ ምን ያደርጋል፣ ዘግይቶ መጣ።

ይህን ሁሉ ሳልነግራት ትናንት ሩትን፣ «ልጄ፣ መጨረሻውን ቀይሪው» አልኳት።

«እትዬ፣ ሰው እኮ ተስፋ ይፈልጋል» አለችኝ። «ተመልካች አልቅሶ ካልወጣ ምኑን ፊልም ሆነ?»

«አልቅሶ ሲወጣ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ቤቱ ነዋ!»

እኔም የምፈራው ይህንኑ ነው። ስማዳ ውስጥ ባሏ የረሳት አንዲት ሴት ፊልሙን አይታ ወደ ቤቷ ትገባለች። ታዜምለታለች። አያውቃትም። ከዚያስ? ሩት፣ እኔ ምክንያቴን ደብቄ አንቺ ላይ ልፈርድ አልችልም። ምክንያቴን ዛሬ በሰው ፊት ሰማሽ።

ደግሞ ባል ከሞተ በኋላ ያለውም አናዶኛል። ሴትየዋ ጥቁር ለብሳ በመስኮት ታያለች፤ እስክትሞት ድረስ ታያለች። ሥራ የላትም? በፊልሞቻችን ያረጀች ሴት ወይ ትመርቃለች ወይ ትረግማለች። ወንድ ቀና ብላ ካየች ደግሞ የሚያስቅ ሙዚቃ ይለቀቅባታል። እኔ ምሳዬን ከአንድ ሰው ጋር ነው የምበላው። የማንበቢያ መነጽራችን አንድ ስለሆነ ጋዜጣውን ተራ በተራ እናነባለን። ሳይመጡ ሲቀሩ እህሉ አይበላልኝም። እስካሁን ምንም ሙዚቃ አልሰማሁም።

የንብረት ክፍሉ ጋሽ ክንዱ፣ አንገትዎን ምን አስደፋዎት? ስም አልጠራሁም እኮ!

ሩት ልጄ፣ ሽማግሌው አያስታውሷት። ይቆጧት፣ ያባሯት፣ ዜማዋን ያርሟት። እሷም ትናደድ፤ መናደድ ያለ ነው። ሲጣሩ ግን ትመልስላቸው። «እኔ ነኝ፣ አለሁ» ትበላቸው። በማግስቱም እንዲሁ ትበላቸው። ማልቀስ የፈለገ ተመልካች እዚያ ላይ ያልቅስ።

አቶ መሐሪ፣ በሥራዎ ይቅናዎ፤ ጣሪያችን ክረምቱን ሳያፈስ ይለፍ። እናንት ወጣቶች፣ አርጁ። አርጅታችሁ የምትወዱት ሰው አግኙ፤ የሚስቅባችሁም ይጥፋ። በምትረሱበት ዘመን ስትጣሩ የሚመልስላችሁ አያሳጣችሁ።

አቶ መሐሪ ንግግሩን ለማኅደር እንድተውላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ማኅደር አይገባም። ቀረጻው ሰኞ ይጀምራል፤ እነዚህን ገጾች የምትቀበለኝ ሩት ናት።