የጠፋው የሴሌኒየም ብልቃጥ

ተራራውን ወጥታችሁ እህቴን ልትሸኙ የመጣችሁ ዘመዶችና ጎረቤቶች፣ እኔ ታናሽ ወንድማቸው ሌይ ዴሚንግ ዜና ሕይወታቸውን እንዳነብ ታዝዣለሁ፤ መጨረሻ ላይ ያልታዘዝኩትን ስለምጨምር ታገሡኝ።

ወይዘሮ ሌይ ሱዪንግ በሲቹዋን ተራሮች በዚሁ መንደር ተወለዱ። ያን ጊዜ ከማሳችን በቆሎ በቀር ሌላ እህል አናውቅም ነበር፤ ሁለት ታናናሾቻችን ልባቸው እየደከመ አራት ዓመት ሳይሞላቸው ሲቀጠፉ እርግማን ነው እንል ነበር። እሳቸው ግን ተምረው የመንደሩ ጤና ሠራተኛ ሆኑ፤ አቶ ታን ዩፉን አግብተውም ሴት ልጃቸውን ሮንግን፣ ወንድ ልጃቸውን ፒንግን ወለዱ።

ኋላ ተመራማሪዎች መጥተው አፈራችንንና ጸጉራችንን መርምረው፣ ልጆቻችንን የሚገድለው ሴሌኒየም የሚሉት ንጥረ ነገር በአፈራችንና በምንበላው በቆሎ ውስጥ ማነሱ ሳይሆን አይቀርም አሉ፤ ይህንንም ለማረጋገጥ ለግማሾቹ ልጆች ሴሌኒየም ያለበትን እውነተኛውን ኪኒን፣ ለግማሾቹ በመልክ ተመሳሳዩን ባዶውን በየሳምንቱ እንዲያድሉ እህቴን አዘዟቸው። የትኛው የትኛው እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም ነበር። መንደርተኛው ግን "እሷ ምን ቸገራት፣ ለልጇ ደህና ደህናውን ትመርጣለች" እያለ ያማቸው ነበር። ፒንግ በሁለተኛው ክረምት ሞተ፤ በዚያው ሰሞን ሙከራው አብቅቶ መዝገቡ ሲከፈት ባዶውን ሲውጥ የኖረ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲያ ለሁሉም እውነተኛው ስለተፈቀደ፣ እህቴ ልጃቸውን በቀበሩ በሦስተኛው ቀን ቦርሳቸውን አንግተው ወጡ፤ "አፍህን ክፈት፣ ምላስህን አንሳ እስቲ" ሳይሉም ከማንም ደጅ አይነሱም ነበር። በዓመቱ አንድ ብልቃጥ ጠፋ። ቢጠየቁ "ወንዝ ስሻገር ጣልኩት" አሉ። ሸጠችው ተባለ፤ ቦርሳውን ተነጥቀው እስከ እርጅናቸው በቆሎ ሲኮተኩቱ ኖሩ።

ብልቃጡን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። ፒንግን ከቀበርን ወዲህ ልጄን ሁይን እንዳላጣት ፈርቼ፣ በሳምንት አንድ ካዳነ በቀን ሁለት ይበልጥ ያድናል ብዬ አስዋጥኳት። ጸጉሯ ማበጠሪያው ላይ ይቀር ጀመር፤ ጥፍሮቿም ተነቀሉ። እህቴ አንድ ጊዜ አይተው አወቁ። "አንተ ጅል፣ ይሄ ነገር ሲያንስም ይገድላል፣ ሲበዛም ይገድላል። የቀረውን አምጣ" አሉኝ። መድኃኒቱ ጸጉር ይነቅላል ተብሎ ቢወራ እናቶች ልጆቻቸውን ይከለክላሉ ብለው የወንዙን ሰበብ ፈጥረው ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ፤ የእኔ ግን ፍርሃት ነበር፣ እስከ ዛሬም አፍርበታለሁ።

እህቴ ባደረባቸው የሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ በተወለዱ በሰማንያ አንድ ዓመታቸው ከትናንት በስቲያ አረፉ። ልጃቸውን ሮንግን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እኔንና ዛሬ ማለዳ ጸጉራቸውን ያበጠረችላቸውን ሁይን ትተው አልፈዋል። ነፍሳቸው በሰላም ትረፍ። የሣጥኑ ክዳን በምስማር ሳይመታ ግን፣ ሸጠችው ያላችሁ ሁሉ ቀርባችሁ ይቅርታ ጠይቋቸው፤ ቀድሜ የምንበረከከው እኔ ነኝ።