ለመሬት ደብተር የሚነሳ ፎቶ

ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጠች ልጅ አጠገቧ ያሉትን አዲስ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ጠየቀቻቸው።

«አባባ፣ ሰርግ ነው?»

«ፎቶ ልነሳ ነው ልጄ። ለመሬት ደብተር።»

«ብቻዎን?»

«ባለፈው መሬት ቢሮ ብቻዬን ብሄድ፣ ‹መሬቱ የሁለታችሁ ነው፤ ባለቤትዎስ?› ብለው መለሱኝ። ረስቻት ነው እንጂ።»

ከኋላ ወንበር ሚስትየው ጮኹ።

«ለአረሙ ጊዜ መች ረስተኸኝ ታውቃለህ!»

ሁላችንም ሳቅን።

«ታዲያ ምነው ተለያይታችሁ ተቀመጣችሁ?» አለች ልጅቷ።

«ተኳርፈን ነዋ።» አሉ ሽማግሌው።

«ፎቶ ቤት ስትደርሱስ?»

«እዚያማ ከሱ ቀድሜ ነው የምነሳ!» አሉ ሚስትየው።

እኔ ባሌ ብቻውን ሄዶ በስሙ ያወጣውን፣ ፎቶዬ የሌለበትን የመሬታችንን ደብተርና አራቱን ልጆቼን አሰብኩና፣ የሳቅሁበትን አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩት።