ከአንገት በታች

እትዬ ቀጥ ያን ዕለት ጠዋት ለልጃቸው «አንዲት ወዳጄን ልጠይቅ ነው» ብለው ዋሽተው ከቤት ወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ተማሪ ሲዋሽ እየያዙ የኖሩ ርዕሰ መምህርት በጡረታ ዘመናቸው ራሳቸው ዋሹ። ያስዋሻቸውም ጉልበታቸው ነበር። መገጣጠሚያው ከታመመባቸው ሰንብቷል፤ ደረጃ መውጣት አቅቷቸው ፎቅ ላይ ያለውን መኝታ ቤታቸውን ትተው «ላይኛው ክፍል ይሞቀኛል» በሚል ሰበብ ሳሎን ማደር ጀምረዋል። «አመመኝ» የሚል ቃል ግን ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። ቅጽል ስማቸውም ከጠባያቸው የመጣ ነው። በሰልፍ ፊት ቆመው «ቀጥ በሉ!» ሲሉ ግቢው በሙሉ እንደ ክር ይወጠር ስለነበር ተማሪው «ቀጥ» አላቸው፤ ስሙ ከተማሪው ወደ መምህራኑ፣ ከመምህራኑ ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ደግሞ ወደ ገዛ ቤታቸው ገባ።

ክሊኒኩን የመረጡት ከሰፈራቸው ስለሚርቅ ነው። የሚያውቃቸው ሰው እንዳይኖር ዙሪያውን ቃኝተው አግዳሚው ወንበር ላይ ቀስ ብለው ሲቀመጡ፣ ከጎናቸው ያለችው ሴት ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አደረገች። ዞር ብለው ቢያዩ የገዛ ምራታቸው ናት።

«አንቺ! ሻምፖ ልገዛ ነው ብለሽ አልነበር የወጣሽው?»

«እርስዎስ እማማ፣ ወዳጄን ልጠይቅ ነው አላሉም?»

ውሸት ከውሸት ጋር ፊት ለፊት ሲገናኝ ማን ማንን ይቆጣል?

ምራታቸው የሴቶች ፀጉር ቤት ያላት ቀልጣፋ ሴት ናት። እጆቿን ከቦርሳዋ ስር ደብቃለች፤ ነገር ግን የፈተና ኩረጃ ሲይዝ የኖረ ዓይን በቦርሳ አይታለልም። እትዬ ቀጥ ቦርሳውን ገለጥ አደረጉት። የጣቶቿ አንጓዎች ቀልተው አብጠዋል።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ቁርጥማት ነው እማማ። ሐኪሙ የመገጣጠሚያ ብግነት ነው ይላል። ሁለት ዓመት አለፈው።»

«ሁለት ዓመት! ባልሽ ያውቃል?»

«ያውቃል። ለእርስዎ እንዳይነግር አስምዬው ነው።»

እትዬ ቀጥ «ለምን?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ፊት ለፊት የተቀመጠ ግዙፍ ሰውዬ ከዘራውን ተደግፎ ወደ እነሱ አዘነበለ። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከነገሩ ጅማሬ አንስቶ ጆሮው እነሱ ላይ ነበር።

«እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ አንቺ የወንበሯ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

ምራቲቱ ደነገጠች። እትዬ ቀጥ ግን «የምን ወንበር?» አሉ ቆጣ ብለው።

«በስልክ ነው እናቴ! ቪዲዮ ትሠራለች። ወንበር ላይ ተቀምጣ እኛን መገጣጠሚያ በሽተኞቹን ስፖርት ታሠራናለች። ፊቷን አይተን አናውቅም፤ የምትታየው ከአንገት በታች ብቻ ነው።»

«ከአንገት በታች!» እትዬ ቀጥ ደረታቸውን ያዙ። «ለአገር ሁሉ!»

«ኧረ እናቴ፣ እጅጌዋ እስከ ጥፍሯ ነው!»

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹፌሩ ግን ሳቁ ሲበርድ ቁም ነገሩን ቀጠለ።

«ድምፅሽን ከሺህ ድምፅ እለየዋለሁ። መሪ መጨበጥ አቅቶኝ ቤት ከዋልኩ ወዲህ ሰው መሆኔንም ረስቼው ነበር። አንድ ቀን ‹ዛሬ እጄ እምቢ ብሎኛል። የፈቀደልኝን ያህል ብቻ እሠራለሁ፤ እናንተም የፈቀደላችሁን ያህል› ስትዪ ሰማሁሽ። ድምፅሽ የለቅሶ ድምፅ ነበር። እኔም ተነስቼ የፈቀደልኝን ያህል ሠራሁ። ስንቱ ፊቱን እያሳየ ከአንገት በላይ ያወራል! አንቺ ፊትሽን ደብቀሽ ከአንጀትሽ ታወሪያለሽ።»

ይህን እንዳለ ተራው ደርሶ ስለተጠራ፣ ከዘራውን እያንኳኳ ወደ ውስጥ ገባ።

ምራቲቱ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ያቺን ቪዲዮ ላጠፋት ነበር እማማ። እንዲያውም ሁሉንም በዚህ ሳምንት ልተወው ወስኜ ነበር።»

«መጀመሪያውኑ ምን አስጀመረሽ?»

«እውነቱን ልንገርዎት? ተመልካች ይበዛልኛል ብዬ ነው። እየዘለሉ ስፖርት የሚያሠሩትን ልጆች አየሁና ፊቴን ሳላሳይም እንደነሱ ታዋቂ እሆናለሁ አልኩ። የማስታገሻ ክኒን ውጬ፣ በድምፄ እየሳቅሁ ስሠራ ከረምኩ። የሚያየኝ ሰው ግን ጥቂት ነው። ቀስ በቀስ ለምን እንደምሠራው ራሴም ጠፋኝ።»

«መጥፋቱስ ደግ!» አሉ እትዬ ቀጥ። «የታመመ ሰው ይተኛል እንጂ ይወራጫል? ደግሞስ ሕመም የጓዳ ነገር ነው። ጓዳሽን ለመንገደኛ ትከፍቻለሽ?»

እዚህ ላይ እትዬ ቀጥን በክፉ አንይባቸው። እሳቸው ያደጉት ችሎ ማደር ጀግንነት በሆነበት ቤት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሕመሙን የሚደብቀው ሌላውን ለማታለል ሳይሆን ሸክም ላለመሆን ነው። ችግሩ ግን የተደበቀ ሸክም ክብደቱ አይቀንስም፤ የሚያግዝ ሰው ብቻ ነው የሚያጣው።

ምራቲቱ በትሕትና መለሰች። «እማማ፣ ‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ይባል የለም?»

«ተረቱን ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ስንቱን ትውልድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ካስተማሩት ለምን ወዳጄን ልጠይቅ ብለው መጡ?»

እትዬ ቀጥ በሌላ በር ገቡ፤ ይህኛው በር እንኳ የዋዛ አልነበረም።

«ይሁን። ግን አንቺ ሐኪም ነሽ? አንዱ አንቺን አይቶ ጉልበቱን ቢሰብር ማን ይጠየቃል? ያላወቁትን ማስተማር ከመስረቅ አይተናነስም።»

«ልክ ብለዋል። የማሳየው እዚህ ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስተማረችኝንና ‹ይህንን ለሌላም ብታሳዪ ጉዳት የለውም› ያለችኝን ብቻ ነው። ሁልጊዜም ‹መጀመሪያ ሐኪማችሁን ጠይቁ፣ ያበጠና የሚያተኩስ መገጣጠሚያ አታስገድዱ፣ የሚወጋ ሕመም ከመጣ አቁሙ› እላለሁ።»

«ይህን ካልሽ ደህና። ፊትሽን መደበቅሽስ?»

«አንደኛ፣ ጣቷ የታመመ ፀጉር ሠሪ ማን ይሄድላታል ብዬ ነው። ሁለተኛ…»

«ሁለተኛ?»

«ሁለተኛ፣ እርስዎን ፈርቼ ነው። በሽታዬ በተነገረኝ ሳምንት ራት ላይ ስለ አንዲት መምህርት ሲያወሩ ‹በሽታውን የሚያወራ ሰው ሥራ የጠላ ሰው ነው› አሉ። እጄን ጠረጴዛው ስር ከተትኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አላወጣሁትም።»

እትዬ ቀጥ ያን ራት አላስታወሱትም። ተናጋሪ ይረሳል፣ የተነገረው አይረሳም። ዓይናቸውን ወደ ወለሉ ጣሉ፤ ከዚያ ያበጠውን እጅ አንስተው በሁለት እጃቸው መሐል አደረጉት። «የኔ ልጅ» ብቻ አሉ። ለእሳቸው ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ተራቸው ሲደርስ ተያይዘው ገቡ። ባለሙያዋ የእትዬ ቀጥን ጉልበት ዳሰሰች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች፤ ከዚያ ምን ሲያደርጉ እንደከረሙ ጠየቀቻቸው።

«አሳርፈው ነበር» አሉ በኩራት።

«ሲያብጥና ሲያተኩስ ማሳረፉ ተገቢ ነው። በደህናው ቀን ግን፣ እናቴ፣ ጉልበቱን የሚሸከመው ጡንቻ በዕረፍት ብዛት ይሟሽሻል። ጡንቻው ሲደክም ሸክሙ ሁሉ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ሳይከፈት የኖረ በር ማጠፊያው ዝጎ ሲጮህ አላዩም? በአንዴ በርግደው አይከፍቱትም፤ ቀስ እያሉ ነው የሚያላምዱት።»

ወንበር ላይ እንዳሉ አንድ እግራቸውን ቀስ ብለው እንዲዘረጉ፣ ጥቂት አቆይተው እንዲያወርዱ አሳየቻቸው። እትዬ ቀጥ ዘረጉ። ጭናቸው ተንቀጠቀጠ። ወደ ምራታቸው አፍረው ቢያዩ፣ እሷ ደግሞ ሳትታዘዝ እግሯን ዘርግታ አብራቸው ትንቀጠቀጣለች።

ከክሊኒኩ ወጥተው ታክሲ ሲጠብቁ እትዬ ቀጥ «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አሉ። «ያ ሹፌር ተማሪሽ ነው። ተማሪ ያለው ሰው ደግሞ ለምን እንደምሠራው ጠፋኝ አይልም። እኔ ክፍል ስገባ የማስተምረው ለማን እንደነበር ታውቂያለሽ? ከኋላ ወንበር ግድግዳ ተደግፎ ለተቀመጠው ነው። የፊተኛውማ መጽሐፍ ብትሰጪው ራሱም ያነባል። እነዚያ የሚዘሉት ልጆች የሚያስተምሩት ፊት የተቀመጠውን ነው። የኋላውን ማን አየው?»

ምራቲቱ ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲያው ብዛታቸውን አልቁጠር?»

«ምን ያደርግልሻል? ስታለቅሺ ሰምቶ ከአልጋው የወረደ ሰው ካለ፣ ሥራሽ እሱ ነው። ሳቁን ለሌላው ተይለት።»

ልብ በሉ፤ ተጠራጣሪዋ በክርክሩ ተሸነፉ፣ ግን ሲሸነፉ ያሸነፈቻቸው ልጅ የጠፋባትን ነገር አገኙላት። መልካም ክርክር እንዲህ ነው፤ ሁለቱም ወገን ይዞት ያልመጣውን ይዞ ይሄዳል።

የሚቀጥለው እሑድ ጠዋት ፀጉር ቤቱ ለደንበኛ ዝግ ነበር። ምራቲቱ ስልኳን መስተዋቱ ላይ አስደገፈች፤ በዚህ ጊዜ ግን ከፍ አድርጋ። ፊቷ ታየ። እጅጌዋን ሰብስባ ያበጡትን ጣቶቿን ዘረጋች።

«እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ» አለች። «እነዚህ ጣቶቼ ናቸው። የደንበኛ ፀጉር በቢጎዲን መጠቅለል ያስለቅሰኛል። እስከ ዛሬ፣ ከአንድ ቀን በቀር፣ ያላመመኝ መስዬ አውርቼላችኋለሁ፤ ይቅርታ። ከዛሬ ጀምሮ ለሚያማቸው የምሠራ፣ የሚያመኝ ሰው ነኝ። እኚህ ደግሞ…»

«ቆዪ!» አሉ ከጎኗ የተቀመጡት እትዬ ቀጥ። የተቀመጡበት የደንበኛ ወንበር እግራቸውን በዘረጉ ቁጥር ወደ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ እየዞረባቸው ነው። «ወንበሩ የሚሽከረከር እንዳይሆን ንገሪያቸው! አራት እግር ያለው፣ ግድግዳ የተደገፈ ይሁን! እኔ እንደሆንኩ ጀርባዬን ሰጥቻቸዋለሁ!»

ምራቲቱ እስክታነባ ሳቀች። ቪዲዮውን እንደገና ልትቀዳው አሰበችና ተወችው፤ እንዳለ ለቀቀችው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን ሳላጋንን ልናገር። ሚሊዮን ተመልካች አልመጣም። በሽታውም ብን ብሎ አልጠፋም፤ የባሰ ቀን ሲመጣ ምራቲቱ «ዛሬ እናርፋለን» ብላ ታርፋለች። አንዲት ደንበኛ ጣቶቿን አይታ ቀረች። ሌሎች ግን «እኔም እኮ» እያሉ መጡ፤ ፀጉር ቤቱም ፀጉር ብቻ የሚሠራበት ቤት መሆኑ ቀረ። ቢጎዲን የሚጠቀልልላት ሰው ቀጥራ ለጣቶቿ የሚቀለውን ሥራ ለራሷ ያዘች። ክኒኗን እንደ ልቧ መዋጥ ትታ ሐኪሟ ባዘዘላት ልክ መውሰድ ጀመረች። እትዬ ቀጥም ከወራት ልምምድ በኋላ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ መሐል ላይ አንዴ አርፈው፣ ፎቅ ወጥተው አደሩ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በዚያ ቤት «ዛሬ እንዴት አደርሽ?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ መልስ ማግኘቱ ነው። ሰው የሚያመውን ሲናገር ደካማ አይሆንም፤ ረዳትም ያገኛል፣ ለሌላውም ረዳት ይሆናል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የእትዬ ቀጥ ስልክ ጮኸ። ደዋይዋ በርዕሰ መምህርትነት ዘመናቸው ምክትላቸው የነበረች፣ ምላሷ ስለታም የሆነ ጡረተኛ መምህርት ናት።

«እኔ ምልሽ፣ ልጆቹ አሳዩኝ! በዚህ ዕድሜሽ ስልክ ላይ እግርሽን ታነሺያለሽ? አታፍሪም? ትልቅ ሰው አይደለሽም?»

የቀድሞዋ እትዬ ቀጥ ቢሆኑ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ይዘጉባት ነበር። አሁን ግን ረጋ ብለው፣ «ትልቅ ሰው ስለሆንኩ ነው። ትንሽ ሰውማ ሳያስተምሩትም ይሮጣል» አሏት። «አንቺስ፣ አሁን የት ሆነሽ ነው የምታወሪኝ?»

«አልጋዬ ላይ።»

«በዚህ ሰዓት? ከመቼ ጀምሮ?»

ከወዲያ በኩል ስለቱ የዶለዶመ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ዳሌዬን… አመም ያደርገኛል። ለማንም እንዳትናገሪ።»

«አልናገርም፤ አንቺው ራስሽ ትናገሪያለሽ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ አብረን እንሄዳለን፤ እኔው መጥቼ እወስድሻለሁ። ለዛሬ ከአልጋው ውረጂና ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ሌላ ምንም አታድርጊ። አራት እግር ያለው ወንበር አለሽ?»

«አለ።»

«አምጪና ግድግዳ አስደግፊው። እጠብቅሻለሁ።»

እትዬ ቀጥ ስልኩን ጆሯቸው ላይ አጥብቀው ያዙ። በመጀመሪያ የአልጋ ሲጥሲጥታ፣ ቀጥሎ አንድ ማቃሰት፣ በመጨረሻም ወለል ላይ የሚጎተት ወንበር ድምፅ ተሰማቸው።